ምርኮ ለማራኪው

ቆርኬ ውሃ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለእትዬ አፀደ፣

እንደምን ከረምሽ? ሽንኩርት ነጋዴው ሞልቱ ደብዳቤሽን አድርሶልኛል። ከሁሉ አስቀድሜ ዋናውን ልመልስልሽ፤ አዎ፣ በሕይወት አለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከስቷል እንጂ ቁስል የለበትም።

ጦሩ እጁን ሲሰጥ ወንድማችን ሚሳኤል ከሚነዳው ኡራል የጭነት መኪና አልወረደም ነበር። መሪውን እንደጨበጠ ተማረከ። አሁን ከሌሎቹ ወታደሮች ጋር እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምርበት በኖርኩት ትምህርት ቤት፣ ስድስተኛ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበታል። የሰቀልኩት የአፍሪካ ካርታ ገና ግድግዳው ላይ ነው። ወታደሮቹ ከላይ ጀምረው እየቀደዱ ትንባሆ ይጠቀልሉበታል። ግብፅ አልቃለች።

ለምን አላስፈታኸውም ላልሽኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ የነበረውን ጦር ያሸነፉት ሦስት መሪዎች ናቸው፤ አንድ በአንድ ስትጠይቂያቸው ግን ያሸነፈው አንድ ሰው ነው። ስማቸውን በደብዳቤ አልጽፍም። አንደኛውን ሊቀ መንበሩ እንበለው፤ አውሮፓ የተማረ፣ በረሃ የከረመ ነው። ሁለተኛው ኮሎኔሉ ነው። እስከ መጋቢት ድረስ የዚሁ የተሸነፈ ጦር ምክትል አዛዥ ነበር፤ መክዳቱን «ወደ ሕዝብ መመለስ» ይለዋል። ሦስተኛው የአገሩ ባላባት ነው። በአማርኛ ከእኔ ይበልጣል፤ ግን በስብሰባ ላይ በአገሩ ቋንቋ ካልሆነ አይናገርም። ስለዚህ አስተርጓሚ አስፈለገ፤ እኔን ጠሩኝ።

የአውራጃውን የሰላም ስምምነት እየጻፍን ነው። ሦስቱ ይስማማሉ፤ ከዚያ የተሸናፊው ጦር ተወካይ ሻለቃ ከበበው ገብቶ ይፈርማል፤ ከዚያ ምርኮኞቹ ይለቀቃሉ። በሳምንት ውስጥ ያልቃል። እኔ መሀላቸው መሆኔ ለሚሳኤል መልካም ነው። እስከዚያ ታገሺኝ።

ወንድምሽ ኢያቄም

ነፋስ ስልክ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለኢያቄም፣

ታገሺኝ ያልከው ሳምንት አልፎ ሌላም ሳምንት አለፈ።

ቤቱ ምን ሆነ ብለህ በሞልቱ ላስጠየቅከኝ፣ ቤቱ ደህና ነው። ቀበሌው ያው ግቢ፣ ያው ጠረጴዛ ነው፤ የተቀመጡበት ሰዎች ብቻ ተቀይረዋል። መጥተው ወታደር ወንድም አለሽ ወይ አሉኝ። አለኝ፣ አስተማሪም አለኝ፣ የትኛውን ነው የምትፈልጉት አልኳቸው። ሲመለሱ ይመዝገቡ ብለው ሄዱ። ላሚቱም ደህና ናት፤ ገበሬው ዳባ ከለቡ ጭድ ያመጣላታል። ሸጊቱ፣ ሚስቱ፣ ሰላም ብላሃለች። አስተርጓሚ ሆነ ብዬ ስነግራት «በስንት ቋንቋ ነው የሚፈራው?» አለችኝ።

አሁን አንተ መልስልኝ። የጎረቤታችን የጤናዬ ልጅ ከሰሜን በእግሩ ገብቷል። የጎፋዋ አክስታችን አማች ገብቷል። በሳሪስ መንገድ ጠዋት ጠዋት የተበተነ ወታደር እንደ ወንፊት ጤፍ ሲወርድ ይውላል። እነዚህን የማረኳቸው ሰዎች ስብሰባ አያውቁም መሰለኝ፤ ዳቦ ሰጥተው «ሂዱ» ነው ያሏቸው። የአንተዎቹ የተማሩ ስለሆኑ ነው የሚዘገየው?

ስለ ምን ነው የሚያወሩት? ቁጭ ብለህ ጻፍልኝ። መሀላቸው መሆንህ ለሚሳኤል ምን እንደጠቀመው ደግሞ ለይተህ ጻፍ። በመሀላቸው ያለ ነገር ለማን እንደሚጠቅም ሳንድዊች የሚበላ ሁሉ ያውቀዋል።

ጫማ ልኬለታለሁ። ለእሱ ነው። አንተ እንዳታደርገው።

አፀደ

ቆርኬ ውሃ፣ መስከረም 14 ቀን 1984 ዓ.ም.

እትዬ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ።

ጫማው ደርሶታል። ልክ ሆኖለታል። ቃልሽን እንዳለ ነገርኩት፤ ሳቀ።

ስለ ምን እንደሚያወሩ ላልሽኝ። መጀመሪያ ስለ ወንበር ነበር። በትምህርት ቤቱ መደገፊያ ያለው ወንበር የርእሰ መምህሩ ብቻ ነው። ማን ይቀመጥበት በሚለው ነሐሴ አለቀ። በመጨረሻ ወንበሩ ተሰበረና ሦስቱም በተማሪ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው አይተያይም፤ ስለዚህ የሚሰዳደቡት እኔን እያዩ ነው። «ውሸታም» የሚለውን ቃል በሦስት አፍ ስቀበል እውላለሁ።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። ሊቀ መንበሩ መንገዱን ይፈልጋል። ባላባቱ የውሃ ጉድጓዶቹን ይፈልጋል። ኮሎኔሉ የጦር ሰፈሩን ይፈልጋል። ሰምተሽ ታዲያ ለምን ይጣላሉ ትይ ይሆናል። መንገዱ በጉድጓዶቹ መሀል ያልፋል፤ ጉድጓዶቹ በሰፈሩ አጥር ውስጥ ናቸው፤ የሰፈሩ በር መንገዱ ላይ ነው። ይህን ካርታ ስዬ አሳየኋቸው። ሊቀ መንበሩ «ጥሩ አድርገህ ስለሃል» አለኝና ስብሰባው ቀጠለ።

ስለ ምርኮኞቹ ሊቀ መንበሩ መንገድ ይጠግኑ አለ። ኮሎኔሉ በእኔ ጦር ውስጥ ይግቡ አለ፤ ድሮም የእሱ ወታደሮች ነበሩ። ባላባቱ የቀድሞው መንግሥት የነዳበት ከብት እስኪመለስለት ድረስ በመያዣነት ይቀመጡ አለ። ከብቱን የነዳው መንግሥት እንደሌለ አስረዳሁት፤ «ሰዎቹ ግን አሉ» አለኝ። ይለቀቁ ያለ ሰው የለም። አንቀጹ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

አንቀጽ አምስት ግን በአንድ ቀን አለቀ። ቃሉ እንዲህ ነው፦ «ምርኮ ለማራኪው ይሆናል።» ኮሎኔሉ መኪናዎቹን አሰበ። ሊቀ መንበሩ መሣሪያውን አሰበ። ባላባቱ ሰዎቹን አሰበ። ሦስቱም ሌሎቹን ያታለለ መስሎት አንገቱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ ዝም አላልኩም፤ ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። ምርኮ ሲባል ዕቃውንም ሰውንም ይይዛል፤ ሰው ከሆነ «ምርኮኛ» ይባልና ለብቻው ይጻፍ አልኩ።

ባላባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ተናገረ። «መምህር፣ ከብቴ ሲነዳ ምርኮ ነበር። እረኛውም አብሮ ተነዳ። ያን ጊዜ "ኛ" የጨመረለት ሰው አላየሁም» አለ።

ኮሎኔሉ «ኛውን ተወውና ጻፍ። ወረቀቱም ያንሰናል» አለ።

ጻፍኩ።

ሻለቃ ከበበው ውጭ ሾላው ሥር ተቀምጦ እስኪጠራ ይጠብቃል። ማዕረጉን ነቅለውበታል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ ልብሱን አራግፎ ይመጣል። ተሸንፎ ቀጠሮ የሚያከብር እሱ ብቻ ነው።

ኢያቄም

ነፋስ ስልክ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1984 ዓ.ም.

ለኢያቄም፣

አልተቆጣሁም። ተቆጥተሻል ወይ ብለህ በሞልቱ በኩል አትጠይቅ፤ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፣ የንስሐ አባትህ አይደለም።

የጻፍከውን ለዳባ አነበብኩለት። ጭዱን አራግፎ እጁን እየታጠበ ነበር። ወንበሩ ላይ ስደርስ ሳቀ፤ ጉድጓዱ ላይ ስደርስ ሳቀ። ምርኮኞቹ ላይ ስደርስ ሳቁን አቆመ። «እትዬ አፀደ፣ ሦስት ሰው በአንድ በሬ ሲጣላ ለማስታረቅ ቀላሉ መንገድ በሬውን ማረድ ነው» አለኝ። ልጅሽን ያርዱታል አላለኝም። ጨዋ ሰው ነው።

እናታችን ስትሞት ሚሳኤል ገና ጥርሱን እየነቀለ ነበር። አንተ ያኔ ኮሌጅ ነበርክ፤ ለቀብር ደርሰህ በማግስቱ ሄድክ፤ ፈተና አለብኝ አልክ። እኔ አሳደግኩት። ስለዚህ ስለ እሱ የምጠይቅህ እንደ እህት ብቻ አይደለም።

ከመፈረማቸው በፊት አንዲት ፊደል አስጨምር። «ኛ»። ሌላ ምንም አልፈልግም። መንገዱንም፣ ጉድጓዱንም፣ ሰፈሩንም ይውሰዱ፤ ከፈለጉ ጉድጓዱ ውስጥ ይግቡበት። አንተ ለአንዲት ፊደል ካልቆምክ እዚያ የምትሠራው ምንድን ነው? ትንፋሽ ማቀበል?

አፀደ

ቆርኬ ውሃ፣ ኅዳር 18 ቀን 1984 ዓ.ም.

እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከፊርማው በኋላ ነው።

ስምምነቱ ተፈረመ። ስለ በዓሉ ወሬ ደርሶሽ ከሆነ እውነት ነው። አንድ በሬ ነበር የታሰበው። ሻኛው ለማን ይሰጥ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሻኛ ለታላቅ ሰው ነው፤ ሦስት ታላቅ ሰው ደግሞ አንድ ሻኛ አይበላም። ለሦስት ቢከፈል ብዬ ነበር፤ ኮሎኔሉ «የተከፈለ ሻኛ ሥጋ ነው» አለ። ሦስት በሬ ታረደ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሻኛ ቀረበለት፤ ሦስቱም የጎረቤቱን ሻኛ እያዩ በሉ።

በልተው ሲጨርሱ ሻለቃ ከበበው እንዲፈርም ሰው ተላከ። ሾላው ሥር አልነበረም። ወደ አገሩ በእግሩ ሄዷል አሉ። ለእሱ የተተወው ቦታ ባዶውን ቀረ። ሰላሙ ከማን ጋር እንደተፈረመ የጠየቀ የለም።

ስለ ሚሳኤል። ጤና ነው። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቷል። ኡራሉን ሦስቱም ማረክሁ ስላሉ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ሊገለገሉበት ተስማሙ። ሞተሩን ከሚሳኤል በቀር የሚያስነሳው ስለጠፋ እሱም ከመኪናው ጋር ይዞራል። በርክክቡ ላይ ከመለዋወጫ ጎማው ቀጥሎ ነው የሚጠራው። ይህ መጥፎ አይደለም፤ ለመኪናው ሲሉ ያበሉታል።

ስለ እጁ ሞልቱ የነገረሽ የተጋነነ ነው። ድካም ላይ የደረሰ ነገር ነው። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም።

በየኬላው ችግር እንዳይገጥመው ማንኛውም መኪና ሦስት ማኅተም ያለበት የስምምነቱ ቅጂ እንዲይዝ ተወስኗል። የኡራሉን ቅጂ በራሴ እጅ ጻፍኩለት። እኔን ዋና ጸሐፊ አድርገውኛል። በዚህ ሥልጣን አንድ ቀን አንድ ነገር አደርግለታለሁ። አንቺ ግን እንዳትመጪ። መንገዱ ለሴት አይመችም።

ኢያቄም

ነፋስ ስልክ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1984 ዓ.ም.

ለኢያቄም፣

እንዳትመጪ ያልክበት ደብዳቤ የደረሰኝ መጥቼ ከተመለስኩ በኋላ ነው። መንገዱ ለወንድም አይመችም፤ በየኬላው የሚያለቅሰው ወንድ ነው።

የመጣሁት በሞልቱ መኪና፣ በባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ሚሳኤልን ውሃ ሲቀዳ ጉድጓዱ አጠገብ አገኘሁት። ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም። ሞልቱ አላጋነነም፤ እንዲያውም አሳንሶ ነው የነገረኝ። ማን እንደመታው ጠየቅሁት፤ የማን ሳምንት እንደነበር ረስቻለሁ አለኝ። «ድካም ላይ የደረሰ ነገር» ያልከውን አማርኛ ከየት እንዳመጣኸው አላውቅም። ለመሪዎችህ የምትተረጉመው እንዲህ ከሆነ መጣላታቸው አይገርምም።

አንተንም አይቼሃለሁ። ከሩቅ ነው። ጃንጥላ ይዘህ ነበር። ከማን ራስ በላይ እንደያዝከው ስላልለየሁ ሦስቱንም ረገምኩ። ጠጋ ብዬ ልጠራህ ነበር፤ ሁለቱም እጅህ ጃንጥላው ላይ ስለነበር ተውኩት።

ለሻኛ ሦስት በሬ ተገኘ። ለ«ኛ» ወረቀት አነሰ። ለእኛ ደግሞ ምንም አልተረፈም። ይህን በየትኛው ቋንቋ እንደምትተረጉመው አንተ ታውቃለህ።

ከሚሳኤል ጋር ምን እንዳወራን በሞልቱ አስጠይቀኸኛል። ስለ ነዳጅ አወራን። ሳምንት ሲለወጥ ማን እንደሚሞላና ማን እንደማይጠይቅ ነገረኝ። ስምምነቱንም አሳየኝ፤ ደረቱ ላይ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞታል። ጽሑፍህ ያምራል። ያው የድሮው ነው፤ «መ»ን ስትጽፍ ሆዷን ታሰፋታለህ።

ከእንግዲህ ለእሱ አትለምንለት። ምንም አታድርግለት። በዚህ ነገር ጎበዝ ስለሆንክ አያቅትህም።

አፀደ

ቆርኬ ውሃ፣ ጥር 6 ቀን 1984 ዓ.ም.

እትዬ፣ ይህን የምጽፈው ቸኩዬ ነው። ሞልቱ ከአጥሩ ውጭ ይጠብቃል።

ኡራሉ የለም። ሚሳኤልም የለም። ከሊቀ መንበሩ ወደ ባላባቱ በሚተላለፍበት ቀን ነው የጠፋው። ሊቀ መንበሩ አስረክቤያለሁ ይላል። ባላባቱ አልተረከብኩም ይላል። ኮሎኔሉ ተስማምታችሁ ደብቃችሁብኛል ይላል። ጠቡ በመኪና ተጀምሮ ወደ ጉድጓዱ ዞረ፤ ከትናንት ወዲያ ተኩስ ነበር። ኮሎኔሉ ሰፈሩን ዘግቷል፤ ሊቀ መንበሩ መንገዱን ዘግቷል፤ ባላባቱ ጉድጓዶቹ ላይ ሰው አስቀምጧል። እያንዳንዳቸው ስምምነቱን ያፈረሱት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው ብለው መግለጫ አውጥተዋል። ሦስቱንም መግለጫ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቀጽ አምስትን የጻፈው እሱ ነው፣ የጠፋውም ወንድሙ ነው» አሉ። በዚህ ብቻ ተስማሙ። አሁን ያለሁት ስድስተኛ ክፍል ነው። በሩ ላይ ከሦስቱም ወገን አንድ አንድ ጠባቂ ቆሟል። ሌሎቹ ምርኮኞች በተኩሱ መሀል በመስኮት ወጥተው ሄደዋል፤ ያለሁት ብቻዬን ነኝ። ሊሰዳደቡ ሲፈልጉ እየመጡ ይወስዱኛል። ከካርታው ሱዳንም አልቃለች።

እትዬ፣ ሚሳኤል አንቺ ጋ ነው? ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን መኪናው ቢመለስ እለቀቃለሁ ብዬ አስባለሁ። ሚሳኤል ራሱ ባይመጣም ሞልቱ ሹፌር ፈልጎ ያምጣው። ከአንድ እናት ነው የተወለድነው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ኢያቄም

ነፋስ ስልክ፣ ጥር 23 ቀን 1984 ዓ.ም.

ለኢያቄም፣

እዚህ ነው። ገብቶ በላ፤ ቀጥሎ ተኛ። ስለተኛ ላሚቱ እንዳትጮህ ዳባ ጋ ወሰድኳት። አሁን ተነሥቷል። እጁን ሐኪም አይቶታል፤ ጣቶቹ ከእንግዲህ አይታጠፉም፤ ለመንዳት ግን ይበቃሉ ብሏል። ቀበሌው መጥቶ መዝግቦታል። ሙያ ሲሉት ሹፌር አለ። መኪናህ የት አለ ብለው ሳቁበት። አብሯቸው ሳቀ።

እንዴት እንዳለፈ አልጠየቅኸኝም፤ እኔ ግን ልነግርህ እፈልጋለሁ፤ ሥራህ ነውና።

ከእናንተ ዘንድ ሲወጣ ሦስት ኬላ አለ፤ የሦስቱ መሪዎች ሦስት። በመጀመሪያው ላይ ጠባቂው ገመዱን ዘርግቶ «ይሄ ምርኮ የማን ነው?» አለው። ሚሳኤል ወረቀቱን ሰጠው። ጠባቂው ፊደል በፊደል እየቆጠረ አነበበ፦ ምርኮ ለማራኪው ይሆናል።

«ማራኪው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ጠባቂው ሦስቱን ማኅተም አየ፤ እሱን አየ፤ ገመዱን ለቀቀለት። በሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ላይ ያለው ጠባቂ ማራኪ በማግኘቱ ደስ ብሎት እናቱን እስከ ናዝሬት እንዲያደርስለት ለመነው። አደረሳቸው። መርቀውታል።

አየህ፣ ከመሪዎቹ አንዱም «ማራኪው ማነው» ለሚለው መልስ አልነበረውም። እሱ ነበረው። ሲማረክም፣ ሲዞርም፣ ሲሄድም መሪውን የጨበጠው እሱ ነው።

መኪናው ይመለስ ብለሃል። የት እንዳለ አልጽፍም። ለቡ ያለው የዳባ የጭድ ክምር ዘንድሮ ከፍ ብሏል፤ ጎረቤት ሁሉ ጤፉ ጥሩ ሰጠው ይላል። ሸጊቱ ዶሮዎቿ ማታ ማታ ክምሩ ውስጥ ገብተው እንደሚጠፉባት ታማርራለች።

አይመለስም። እልህ ይዞን አይደለም። ቢመለስ ለማን ይመለስ? ለአንዱ ሲደርስ ሁለቱ ይገድሉሃል። እስካልተገኘ ድረስ ከሦስቱ የቱ እንደሰረቀ ስለማይታወቅ አንተ ለሦስቱም ታስፈልጋለህ። ሰው ያለ አስተርጓሚ መታረቅ ይችል ይሆናል፤ እነሱ ግን ያላንተ መሰዳደብ እንኳ አይችሉም። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነህ፤ በመሀል መሆን ምን እንደሆነ አሁን ካርታ ሳትስል ገብቶሃል። አንተ ለእኔ «ታገሺኝ» ብለኸኝ ነበር። እኔም የምልህ ሌላ የለኝም።

ጫማ ልኬልሃለሁ። ይህ የአንተ ነው። በመስኮት የሚወጣ ሰው ያስፈልገዋል። ሦስቱ ጠባቂዎች መቼ እንደሚጣሉ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሚጣሉት በአንተ አፍ ነውና። አንድ ቀን እንኳ ትርጉም አሳስት።

ደብዳቤውን ከመጨረሴ በፊት ፖስታውን አዘጋጅቼ ነበር። በላዩ «ለምርኮ ኢያቄም» ብዬ ጻፍኩ። ሚሳኤል አጠገቤ ተቀምጦ ራት እየበላ ነበር፤ አነበበው። እጁን ታጥቦ መጣና እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ፣ በማይታጠፉት ጣቶቹ እንደምንም ይዞ፣ ከ«ምርኮ» ቀጥሎ አንዲት «ኛ» ጨመረበት።

እኔ ብሆን አልጨምርም ነበር።

አፀደ